እናቴ ሆስፒታል ሲተኙ ቫይታሚን ዲ አነሳቸው ተባለ፤ ባለ 50,000 ዩኒቱን ክኒን ልጀምርላቸው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከአገር ቤት መጥተው ሜሪላንድ ከእኛ ጋር የሚኖሩት የ72 ዓመት እናቴ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ደማቸው ሲመረመር ቫይታሚን ዲያቸው 11 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ በቀን 1,000 ዩኒት ብቻ አዘው ወደ ቤት ላኩን። ለሳንባ ምች የዳረጋቸው ይህ እጥረት ነው? ጎረቤታችን ከራሷ የተረፈ ባለ 50,000 ዩኒት ክኒን ሰጥታኛለች፤ ልጀምርላቸው?

መልስ፦ እንኳን እናትዎን ማረልዎ። የጎረቤትዎን ክኒን ግን እባክዎ አይጀምሩላቸው።

11 ከ20 ናኖግራም በታች ስለሆነ በእርግጥ ዝቅተኛ ነው። ሆስፒታል በተኙ ሰዎች ላይ ግን እንዲህ ያለ ውጤት ብዙ ጊዜ እናያለን። በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ከተኙ 290 ሕሙማን 57 በመቶው እጥረት ነበረባቸው። ከሚተኙት ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከቤት የማይወጡ ናቸው። በዚያ ላይ ሕመሙ ራሱ ቁጥሩን ያወርደዋል፤ ሰውነት ከኢንፌክሽን ጋር ሲታገል ቫይታሚኑን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚያዞረው ፕሮቲን ይቀንሳል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የተገኘ ውጤት ብቻውን የሳንባ ምቹ ምክንያት ነው ሊባል አይችልም።

በአንድ ጊዜ መሙላቱም ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ እጥረት ካለባቸው ከ1,000 በላይ ጽኑ ሕሙማን ገሚሶቹ 540,000 ዩኒት በአንዴ ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2019 ሲወጣ፣ በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ቁጥር ካልወሰዱት አላነሰም። ሐኪሞቹ እናትዎን ችላ አላሏቸውም።

እኔን የሚያሳስበኝ አጥንታቸው ነው። ከወንበር ሲነሱ አቅም ያንሳቸዋል? ወገባቸውን፣ ጭናቸውን ያማቸዋል? ወድቀው ያውቃሉ? ለሐኪማቸው ይንገሩ። በብርዱ ወራት ሜሪላንድ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር እምብዛም አይደርስም፤ በመስኮት መስታወት ውስጥ መሞቅም ለዚህ አይረዳም። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ጿሚ ከሆኑ ወተቱም እንቁላሉም ይቀርባቸዋል፤ ጾማቸውን ሳይነኩ ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ሊጠጡ ይችላሉ። ምግብ ብቻውን ግን እንዲህ ያለውን እጥረት አይሞላም፤ የታዘዘላቸውን 1,000 ዩኒት ሳያቋርጡ ይስጧቸው።

ባለ 50,000ው ክኒን በአብዛኛው በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚታዘዝ ነው። በስህተት በየቀኑ ሲወሰድ የደም ካልሲየም ከልክ በላይ ይወጣል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲን ወይም እንደ ፌኒቶይን ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪማቸው ያሳውቁ፤ እነዚህ ቫይታሚን ዲን ቶሎ ስለሚያፈርሱ መጠኑ ሊለወጥ ይችላል።

ካገገሙ ከ3 ወር በኋላ ቫይታሚን ዲያቸው፣ ካልሲየማቸውና ኩላሊታቸው ይታይ። እስከዚያው የማያቋርጥ ጥማት፣ ማስመለስ፣ ከባድ የሆድ ድርቀት ወይም መዘባረቅ ከታየባቸው የሚወስዱትን ቫይታሚን ዲ አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው።