የአሊ ትልቁ ድል የቱ ነው? ጠይቁኝ ብዬ ነበር

አዳማ ላይ ቦክስ የሚወዱ ሁለት ሰዎች ከተቀመጡ ጭቅጭቁ ያው ነው። የመሐመድ አሊ ትልቁ ድል የቱ ነው? አሁን ደግሞ የማሠለጥናቸው ልጆች ይዘውታል። ጥያቄ ያለው ይላክ አልኩ፤ ጎረፈ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ጋሼ፣ ሳያዞሩ ይንገሩን። የቱ ነው?

ኪንሻሳ፣ 1974። የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን ጆርጅ ፎርማንን በ8ኛው ዙር በዝረራ። በእኛ ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይ ከወረዱ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ግጥሚያው እዚያ የተጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበር፤ አሜሪካኖቹ በምሽታቸው እንዲያዩት።

ፎርማን ያን ያህል ያስፈራ ነበር?

40 ተጋጥሞ 40 አሸንፏል። 37ቱን በዝረራ። ከአሊ በፊት የነበሩት 8 ግጥሚያዎቹ አንዳቸውም ከ2ኛው ዙር አላለፉም። ጆ ፍሬዚየርና ኬን ኖርተን አሊን ያሸነፉ ሰዎች ናቸው፤ ኖርተንማ መንጋጋውን ሰብሮታል። ፎርማን ሁለቱንም በ2 ዙር ጨረሳቸው። ፍሬዚየርን 6 ጊዜ መሬት ላይ ጣለው። አሊ ደግሞ 32 ዓመቱ ነው፤ እግሩ እንደ ድሮው አይደለም። አሸናፊው ፎርማን ነው ያላለ ጥቂት ነበር።

አሊ የሪንጉ ገመድ ላይ ተደግፎ ተደበደበ እንጂ ምን ሠራ? ፎርማን ራሱ ደክሞ ወደቀ።

ይሄን የሚል ሰው 1ኛውን ዙር አላየም። ቀኝ የሆነ ቦክሰኛ በግራ ጃብ፣ ማለትም በፊተኛው እጁ በሚሰነዘር ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ ነው የሚከፍተው፤ ቀኙ ከኋላ ስለሚመጣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ይታያል። በቀጥታ በቀኝ መክፈት ባለሙያ ላይ እንደ ንቀት ይቆጠራል። አሊ ደጋግሞ አደረገው። ፎርማን ተናደደ። የተናደደ ሰው ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ይሰነዝራል።

ከ2ኛው ዙር ጀምሮ አሊ ገመዱን ተደገፈ። ክንዶቹን ፊቱ ላይ አጠፈ፣ ወደ ኋላ ተለጠጠ፣ አብዛኛው ቡጢ ክንድና ጎን ላይ አረፈ። ግን ዝም ብሎ አልተቀበለም። ዓይናችሁን ዙሮቹ ሊያልቁ ሲሉ አድርጉ፤ ድንገት ይነሳና ቶሎ ቶሎ የፎርማንን ፊት ይመታል። መሀል መሀል አንገቱን ይዞ ይጫነዋል፣ ጆሮው ሥር ይነዘንዘዋል። እዚያ ሙቀት ውስጥ ይሄ ሁሉ ሰውየውን ይጨርሰዋል። እኔ ድካም ሳይሆን አድካሚ ሥራ ነው የምለው።

8ኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ግራ፣ ከዚያ ቀኝ። ፎርማን እየተሽከረከረ ሲወርድ አሊ ቀኙን አንስቶ አጠገቡ ዞረ። አልሰነዘረውም። ይቺን ቦታ ቀስ አድርጋችሁ እዩዋት።

ገመዱን ሆን ብለው አላልተውታል ይባላልኮ?

የአሊ አሰልጣኝ አንጀሎ ዳንዲ እስከ መጨረሻው ክዷል። ቢላላስ? ሪንጉ ለሁለቱም አንድ ነው።

የ1964ቱስ፣ ሻምፒዮኑን ሶኒ ሊስተንን ያሸነፈበት?

ሁለተኛ አደርገዋለሁ። አሊ የ22 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሊስተን 7ኛውን ዙር ከወንበሩ አልተነሳም። ግን ፎርማንን የመሰለ አውሬ በጉልበቱ ጫፍ ላይ እያለ መጣል ይበልጥብኛል።

በችሎታ ብቻ ከሆነ?

ያኔ መልሴ ይቀየራል። 1966፣ ሂውስተን፣ ከክሊቭላንድ ዊሊያምስ ጋር። በ3ኛው ዙር አለቀ። አሊ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም፣ እጁ አይታይም። ግን ዊሊያምስ ከዚያ በፊት በፖሊስ ተተኩሶበት ኩላሊቱን ያጣ ሰው ነበር። ጥሩ መጫወትና ትልቅ ሰው ማሸነፍ ይለያያሉ።

ከፍሬዚየር ጋር የገጠመበት የማኒላውስ? ጋሼ ረሱት እንዴ?

አልረሳሁትም። 1975፣ ከ14ኛው ዙር በኋላ የፍሬዚየር አሰልጣኝ ኤዲ ፈች አስቆመው። ሁለቱም የተጎዱበት ነው። ሳየው ደስ አይለኝም።

ታይሰን ቢሆን አሊን…

ቀጣይ።

እኔ ቦክስ እየተማርኩ ነው። ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ ገመድ ብደገፍ ምን ይለኛል?

እንዳትሞክሪው የኔ ልጅ። አሊ ልምምድ ላይ እነ ላሪ ሆልምስን ገመድ ላይ ሆኖ አስመትቷል፤ ሰውነቱን ለዚያ አዘጋጅቶ ነው። በዚያ ላይ 1984 የፓርኪንሰን በሽታ እንዳለበት ታወቀ፤ ብዙዎች ከተቀበለው ቡጢ ጋር ያያይዙታል። አንቺ እግርሽን አሠሪ።

ፎርማን ከዚያ በኋላ አለቀለት አይደል?

እንዴት ያልቅለታል! 1994፣ በ45 ዓመቱ፣ የ26 ዓመቱን ማይክል ሙረር በ10ኛው ዙር ዘረረው። በነጥብ እየተመራ ነበር። ኪንሻሳ የለበሳትን ቀይ ቁምጣ ለብሶ ነው የገባው። በአሰልጣኝነት ጥጉ ላይ ማን ቆሞ ነበር ብትሉኝ፣ ያው አንጀሎ ዳንዲ! ስለዚህ አሊ ያሸነፈው ማንን እንደሆነ ለማወቅ ይቺንም ጨምራችሁ እዩ። መጀመሪያ ግን የ1973ቱን ፎርማንና ፍሬዚየርን፤ ከዚያ ኪንሻሳን። ከኋላ ከጀመራችሁ ክርክሩ አይገባችሁም።