ኤርብራሽ በቤት ውስጥ ለመጀመር ለጠየቁን ወንድማችን

«በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ሄልሜት በኤርብራሽ (ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) መሳል ልጀምር ነው፤ የትኛውን ኤርብራሽ ልግዛ?» ብለው ለጠየቁን ወንድማችን፦ እኔም ከአምስት ዓመት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ ክፍል የጀመርኩ ስለሆንኩ፣ የደረሰብኝ ኪሳራ እንዳይደርስብዎ ይህን እጽፋለሁ።

1. ስለ ኤርብራሹ ብዙ አይጨነቁ። ቀለሙ ከላይ የሚሞላ፣ ቃታው ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ደግሞ ቀለም የሚለቅ፣ አፍንጫው (ቀለሙ የሚወጣበት ጫፍ) 0.3 ሚሊሜትር የሆነ ይበቃዎታል።

2. ገንዘብዎን አየር አምቆ ለኤርብራሹ በሚልከው ማሽን፣ በኮምፕረሰሩ ላይ ያውሉት። የአየር ማጠራቀሚያ፣ የግፊት መቆጣጠሪያና የውኃ ማጣሪያ ሊኖረው ይገባል። እኔ መርካቶ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ስገዛ ማጠራቀሚያ እንዳለው ሁለት ጊዜ ጠይቄ «አለው» ተብዬ ነበር፤ ቤት ወስጄ ስከፍተው ግን አልነበረውም። አየሩ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ቀጭን መስመር ማስመር አልቻልኩም፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ በቱቦው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ተረጭቶ ያለቀ ሥራ አበላሸብኝ። በገዛሁት ማግስት ልመልሰው ስሄድ ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3. አክሪሊክ ቀለሙን እንደ ወተት አቅጥነው ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (በኮምፕረሰሩ የግፊት መቆጣጠሪያ ላይ የሚነበብ የግፊት መለኪያ) በሆነ ግፊት ይርጩ። በበጋ የከተማችን አየር ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ በአፍንጫው ውስጥ በሚያልፈው መርፌ ጫፍ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ትልቁ ኪሳራዬም የመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ምሽት ሥራ መሐል መብራት ጠፋ። ተመልሶ ይመጣል ብዬ ኤርብራሹን ቀለም እንደያዘ ትቼው ተኛሁ፤ ጠዋት ቀለሙ እንደ ድንጋይ ደርቆ ጠበቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ ማጽጃ ውስጥ መዘፍዘፍ ሲገባኝ፣ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጠውን አፍንጫ በፒንሳ ልፈታው ስታገል የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ኤርብራሹ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። መለዋወጫውን ፈልጌ ያላንኳኳሁት ሱቅ አልነበረም። በመጨረሻ ከዱባይ የሚመጣ ዘመዴን አራት ወር ጠበቅሁ፤ የሁለት ሄልሜት ቀብድም መለስኩ። ኤርብራሽ ለማጠብ መብራት አያስፈልግም፤ የቀረውን ቀለም ደፍተው፣ የቀለም መያዣ ጽዋውን በውኃ አለቅልቀው፣ መርፌውን ከኋላ ስበው መጥረግ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን የመኪና ማብለጫ ቀለም ግን በምንም ምክንያት በሚተኙበት ክፍል ውስጥ አይርጩ፤ ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባን ይጎዳል፤ ተራ የአፍ መሸፈኛም አያግደውም። እኔ ሥዕሉን ቤት ጨርሼ ለማብለጫው መኪና ቀቢዎች ዘንድ እወስደዋለሁ።

ከዱባይ የመጣልኝ አፍንጫ ይኸው እስከ ዛሬ እየሠራ ነው፤ በእርሱም ከ60 በላይ ሄልሜቶች ሥዬበታለሁ። እርስዎም ከመግዛትዎ በፊት የመረጡትን ሞዴል ስም እዚህ ይጻፉልኝ፤ ትርፍ አፍንጫና መርፌ አብረው ማዘዝ እንዲችሉ ልኩን አይቼ እነግርዎታለሁ።