የመጀመሪያውን ፈረስ አትላጡት

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንድ የኮምቦልቻ ወጣት በጫማ ካርቶን ውስጥ በጥጥ የጠቀለላቸውን ትንንሽ የጦር ምስሎች ይዞ ደሴ ድረስ ሊጠይቀኝ መጣ። ከጓደኞቹ ጋር በጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ እንደሚጫወቱ፣ ከምስሎቹ ገሚሱን ዘመድ ከውጭ አገር እንደላከላቸው፣ ገሚሱን ደግሞ በስሪ ዲ ፕሪንተር እንዳሳተሟቸው አጫወተኝ። ዕድሜዬን በነዳፊነት፣ ኋላም በቴክኒክ ሥዕል መምህርነት ስላሳለፍሁና ማኬት (የሕንፃና የመሬት ትንሽ አምሳያ) ስሠራ ስለኖርሁ ስለ ቀለምና ስለ ብሩሽ ምክር ፈልጎ ነበር። ሊሄድ ሲል ከካርቶኑ ጥግ ቀለማቸው የወፈረ፣ ዓይናቸው የፈሰሰ ጥቂት ወታደሮች አወጣና፣ «ጋሼ፣ እነዚህ መጀመሪያ የቀባኋቸው ናቸው፤ አሁን ሳያቸው ያሳፍሩኛል። ቀለሙን ልጬ እንደ አዲስ ብቀባቸው ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። በዕለቱ የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ወደ ሌላ ዘመን ስለ ወሰደኝ መልሱን ለእርሱም ለእናንተም በጽሑፍ ላድርገው ብያለሁ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አጎቴ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበርና አንድ ጊዜ አንድ ከረጢት የፕላስቲክ ወታደሮችና ፈረሰኞች አመጣልኝ። ሁሉም የፈረንጅ ቆብ የደፉ አረንጓዴ ወታደሮች ነበሩ። ሆጤ በተባለው የደሴ ሰፈር የጎረቤታችን ልጅ የሆነው ጓደኛዬ ገና እንዳያቸው «እነዚህን የሰገሌ ጦር እናድርጋቸው» አለ። እኛ የወሎ ልጆች ነንና ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሆነው የተማረኩበትን ጦርነት ከሽማግሌዎች አፍ እየሰማን ነው ያደግነው፤ አይጠየፍ አዳራሻቸውም በየቀኑ የምናየው ነበር። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ዳይሱ ደግ ሲሆን ንጉሡ የሚያሸንፉበት ቀን ነበር፤ በዚያ ቀን ጓደኛዬ ከደስታው የተነሣ እራቱን እንኳ በቅጡ አይበላም ነበር።

የፈረንጁን ቆብ በሻማ ባሞቅነው ምላጭ ቆርጠን ጎፈሩን ከሰም ሠራን። ለጋሻ የሸሚዝ ቁልፍ እንጠቀም ነበር፤ ዙሪያው ከንፈር ያለው ቁልፍ ተመርጦ ቀዳዳዎቹ በሰም ከተደፈኑና መሐሉ ላይ የሰም ጉብታ ከተቀመጠበት ከክንድ ርቀት ላየው ሰው እውነተኛ ጋሻ ይመስላል። ለምዱ ሙጫ ውስጥ የተነከረ ስስ ጨርቅ ነበር። ሜዳውን በአረንጓዴ ቀለም በታሸ ሰጋቱራ፣ ኮረብታውን በካርቶን ላይ በፈሰሰ ጀሶ አበጀነው። ቀለሙን ፒያሳ አካባቢ ማስታወቂያ የሚጽፍ አንድ ሠዓሊ ከጣሳው ግርጌ የቀረውን ኦይል ቀለም ይሰጠን ነበር።

የንጉሡን ፈረስ አባ ሻንቆን የቀባው ጓደኛዬ ነው። ትዕግሥት አልነበረውም፤ በአንድ ምሽት በኩራዝ ብርሃን ቀባው። ገላውን በወፍራም ቡናማ ኦይል ቀለም ሸፈነው፤ ኮርቻውን በእህቱ ቀይ የጥፍር ቀለም ሲቀባ ቀለሙ ወርዶ ሆዱ ሥር ደረሰ፤ ዓይኑ አንድ ትልቅ ነጭ ነጥብ ነበር። ሳይደርቅም ሊያሳየኝ አንሥቶት ሲሮጥ መጣ። የፈረሱ የኋላ ጭን ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ መስመር በመስመር ታትሞ ቀረ። ላስተካክልልህ ብለው እምቢ አለ፤ ለእናቱም ለእህቱም እየዞረ «የንጉሡ ፈረስ የእኔ ማኅተም አለበት» እያለ ያሳይ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ በታወጀ ጊዜ ጓደኛዬ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ሲሄድ ሳጥኑን ለእኔ አደራ ሰጠኝ። እኔ በዚያን ጊዜ የንድፍ ሙያ ጀምሬ፣ እጄ ተፈትቶ፣ ጥሩ ብሩሽም አግኝቼ ነበር። ሲመለስ ላስደስተው ብዬ አባ ሻንቆን በነጭ ጋዝ ዘፈዘፍሁት፤ በጥርስ ብሩሽ ስፈትገው ኦይል ቀለሙ እየተላጠ ለቀቀ፤ ነጭ ጋዝ የጥፍር ቀለምን ስለማያሟሟ ኮርቻውን በምላጭ ፋቅሁት። ከዚያም ከጥቁር ቡናማ ተነሥቼ ወደ ቀይ ዳማ እያፈካሁ፣ ጋማውን ዘለላ በዘለላ ለይቼ፣ የልጓሙን ዘለበት በመርፌ ጫፍ ነጥቤ ጨረስሁት። በዚያ ዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

ከካራማራ ድል በኋላ ብዙዎች ሲመለሱ እርሱ አልተመለሰም። መርዶው ከመጣ ከወራት በኋላ እናቱ ወደ ቤታችን መጡና «የልጄ እጅ የነካው ነገር አንተ ዘንድ ካለ አሳየኝ» አሉኝ። ሳጥኑን አወጣሁላቸው። ፈረሱን ለይተው አነሡትና ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው አገላበጡት። «ጭኑ ላይ የጣቱ ምልክት ነበረ፤ አሳይቶኛል እኮ፤ የት ሄደ?» አሉኝ። ያደረግሁትን ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አፈላልጌ እግሩ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ ምላጩ ያልደረሰበት ጥቂት ቀይ የጥፍር ቀለም አገኘሁና አሳየኋቸው፤ ፈረሱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወሰዱት። ከእኔ እጅ የወጣውን ያን ሁሉ ጥሩ ቀለም አንድም ጊዜ አላዩትም።

ስለዚህ ለኮምቦልቻው ልጅ ጥያቄ መልሴ አትላጣቸው የሚል ነው። አዲስ ምስል አንሥተህ የተሻለውን በእርሱ ላይ ቅባ፤ የቀደመው የእጅህ መዝገብ ነውና ይቀመጥ።

ይህን ስል ተማሪዎቼ የነበሩ ሰዎች እንደሚደነቁ አውቃለሁ። መስመር የሳተ ንድፍ አስቀድድ ነበርና፤ ያላማረ ሥራን አፍርሶ እንደ ገና መሥራት የሙያ ወግ ነው ብዬ አስተምሬአለሁ፤ ዛሬም በመንገድና በድልድይ ንድፍ ላይ ከዚህ ሌላ አልልም። በእነዚህ ትንንሽ ምስሎች ላይ ግን እንዲያ ማለት አልቻልሁም።

የዘመኑ ወጣቶች ትልቁ ችግራችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁን ዕድሜውን በሙያው ከፈጀ ሰው ሥራ ጋር በስልክ ላይ ጎን ለጎን ማስተያየታችሁ ነው። ከዚያ ኀፍረት ይመጣል፤ ከኀፍረቱ ደግሞ የመደምሰስ ችኮላ። እኛ የምናስተያየው የጎረቤት ልጅ ከሠራው ጋር ስለ ነበር ሳንሸማቀቅ አደግን። ይሁንና ከስልኩ የምታገኙትንም ትምህርት አልንቅም፤ እርጥብ ስፖንጅ ላይ ወረቀት አንጥፎ አክሪሊክ ቀለም ሳይደርቅ ለሰዓታት ማቆየት እንደሚቻል ያየሁት ይኸው ልጅ ባሳየኝ ቪዲዮ ነው። ቀለም በመዋዋስ ደግሞ ከእኛ ትበልጣላችሁ፤ እኛ አንዲት ጣሳ ላይ እንጣላ ነበር።

ብሩሽ ስለ ማጠብና ቀለምን በውኃ አቅጥኖ ደጋግሞ ስለ መቀባት አልነግራችሁም፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የአገራችሁን አየር ግን እወቁት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በክረምት ከጦሳ የሚወርደው ጉም ግቢ ውስጥ ሲገባ በስፕሬይ የሚነፋ የመነሻ ቀለም ሻካራ ይሆናል፤ ደብዛዛው ቫርኒሽም ነጭ ጭጋግ ያለብሳል፤ ብዙ ቀን የለፉበትን ሥራ በአንዲት ደቂቃ ያበላሻል። በእንዲህ ያለ ቀን የመነሻውን ቀለም በብሩሽ ቀቡ፤ ወይም ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ካለ ጓደኛችሁ ዘንድ ንፉ። ኮምቦልቻም ቢሆን በጠራራ ፀሐይ አይነፋም፤ ቀለሙ ምስሉ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቅና እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ማለዳ ይሻላል።

የእኛን ሰው ስትቀቡ ከጠርሙሱ «የሰው ገላ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቀለም አትመኑ፤ ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለፈረንጅ ገላ ነው። ከጥቁር ቡናማ ተነሥታችሁ ጥቂት ቀይና ቢጫ ጨምሩ፤ ግንባርና ጉንጭ ስታፈኩ ነጭ አትቀላቅሉ፤ ፊቱ አመድ የነፋበት ይመስላል። ወደ ብርቱካንና ወደ ቢጫ አዘንብሉ። ሸማንም በነጭ አትጀምሩ፤ ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ አልብሱትና ነጩን ለእጥፋቱ ጫፍ ብቻ አስቀሩ፤ ያኔ ጨርቁ ጨርቅ ይመስላል። ጥለቱን ክር በክር ለመሣል የሚደክም ልጅ አይቻለሁ፤ አንድ ቀጭን መስመርና በላዩ ጥቂት ነጠብጣብ ይበቃዋል፣ የቀረውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል። ከሥር ለሚቆሙበት መሬት ከቦርከና ዳር የሚገኝ ደቃቅ አሸዋ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በሙጫ ሲነሰነስ ከየትኛውም ከተገዛ ነገር ይበልጣል፤ የዋልካን መሬት ከፈለጋችሁ ጥቁሩን በቡናማ ስበሩት፣ ከዚያም ብሩሹን ፈካ ያለ ቀለም አስነክታችሁ በሶፍት ጠርጋችሁ ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው በአፈሩ ጫፍ ላይ ሳብ ሳብ አድርጉት።

ወላጆቻችሁ ይህን የሕፃን ጨዋታ ነው ቢሏችሁ በአክብሮት ንገሯቸው። ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ (የቀድሞ የጀርመን መንግሥት) ሰው እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሥ ፍሬድሪክ ዊልሄልም ሦስተኛ ያቀረበው መሬቱ እየተነቃቀለ የሚገጣጠም የጦርነት ጨዋታ ጠረጴዛ ነበር፤ ልጁ አሻሽሎት በ1824 የፕሩሲያ ጦር መኮንኖቹን ማሠልጠኛ አደረገው። ያን ጠረጴዛ ያበጁ አናጢዎችና ቀለም ቀቢዎች ከእናንተ ጋር አንድ ሙያ ነበራቸው።

ምክሬን ሰምታችሁም መላጥ የግድ ከሆነባችሁ፣ ለምሳሌ ያገለገለ ምስል ከሌላ ሰው ገዝታችሁ ከሆነ፣ የተሠራበትን ነገር አስቀድማችሁ ለዩ። ብረት ከሆነ ቀለም የሚያሟሟው አሴቶንም አይጎዳውም፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ግን በአሴቶንና በቲነር ይቀልጣል። ለፕላስቲክ የሚስማማው አልኮል ነው፤ አክሪሊክ ቀለም አልኮል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ከፕሪንተር የወጣውን ሬዚን የተባለ ፕላስቲክ ብዙ ከዘፈዘፋችሁት ስለሚለሰልስ በደቂቃዎች አውጡትና በማይታይ ቦታው ሞክሩት። ከመላጣችሁም በፊት የቀባውን ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁት።

የራሳችሁን የመጀመሪያ ሥራዎች በተመለከተ ደግሞ፣ የሚይዝ ቫርኒሽ አልብሷቸው፤ ከሥራቸውም ስማችሁንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። እርሳስ ስለሚጠፋ በማይለቅ ቀለም ይሁን፤ ጽሑፉም ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ ይደረብበት።