ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ልጄን ላስከትባት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ዛሬ 50 ቀኗ ነው። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በ45 ቀኗ ለክትባት አምጪያት ብላኝ ነበር። አማቴ ግን «ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ ከቤት አትወጣም፤ መርፌም አይነካትም» አሉ። ሠራተኛዋንም «ራሷ ያልወለደች ልጅ እግር ምን ታውቃለች» ይሏታል። እኔም ልጄን በስለት ነው ያገኘኋት፤ ማስከተቡ እምነት ማነስ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ምን ላድርግ? ወለተ ገብርኤል ነኝ።

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ገብርኤል፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

የሰማንያ ቀኑን ሥርዓት አንቺም አማትሽም ታውቁታላችሁ፤ እሱን አልደግምም። እኔን የሚያሳስበኝ እኛ የጨመርንበት ነው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12ን ክፈቺው። አራሷ እንዳትገባ የተባለችው ወደ መቅደስ ነው። ስለ ጤና ጣቢያ የተባለ ነገር የለም። ሕፃኗ ከደጅ አትውጣ የሚልም የለም። ይሄ የአራስ ቤት ልማድ ነው። ልማዱን አልንቀውም፤ እናቶቻችን አራሷን ከብርድና ከድካም የጠበቁበት ነው። ግን ልማድ ሲቆይ ካባ ይደርብና ቀኖና ይመስላል። ቤተ ክርስቲያንማ ሕፃን በጠና ከታመመ የወንዱን 40ም የሴቷን 80ም ቀን ሳትጠብቅ ታጠምቃለች።

ለምን 45 ቀን ሆነ? እኔም አላውቅም ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኳት አንዲት ነርስ ናት ያስረዳችኝ። በዚያ ቀን ከሚሰጡት አንዱ መርፌ ብቻ አምስት በሽታ ይከላከላል። ትክትክና መንጋጋ ቆልፍ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ትክትክ ትልቁን ልጅ ሳምንታት ያስለዋል፤ የሁለት ወር ጨቅላን ግን ትንፋሽ ያሳጣል። የኩፍኙ ደግሞ 9 ወር ይጠብቃል። ከእናቷ የወረሰችው መከላከያ ገና ሰውነቷ ውስጥ ስላለ ቀድሞ ቢሰጥ በደንብ አይሠራም። ይህን ስሰማ ባሕረ ሐሳብ ትዝ አለኝ። እኛ ቆጥረን አጽዋማትን እናወጣለን። እነሱም ቆጥረው ነው እንጂ ቀኑን ከሜዳ አላነሡትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ለእግዚአብሔር ሰጥቻታለሁ፣ ክትባት ምን ያደርግላታል» የሚለውን ከንስሐ ልጆቼ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ሁልጊዜ የሚጠቀስልኝ መዝሙር 90 ነው። «ክፉ ነገር ወደ አንተ አይቀርብም፥ መቅሠፍትም ወደ ቤትህ አይገባም።» ቃሉ እውነት ነው። ግን ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ማን እንደጠቀሰው ታስታውሻለሽ? ሰይጣን ነው። ጌታን ቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ፣ መላእክት ይይዙሃል ተብሎ ተጽፏልና ራስህን ወርውር አለው። ጌታ መዝሙሩን አልካደም። «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው ተብሎ ደግሞ ተጽፎአል» ነው ያለው። ያቺን «ደግሞ» ያዢልኝ። አንዷን ጥቅስ ይዘን ሌላዋን ስንተው ነው የምንወድቀው። ደረጃ እያለ ከጣሪያ መዝለል እምነት አይባልም፤ መፈታተን ነው።

ንጉሥ ሕዝቅያስን ተመልከቺ። አለቀሰ፣ ጸለየ፣ 15 ዓመት ተጨመረለት። ተስፋውን ከነገረው በኋላ ኢሳይያስ ምን አለ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። እግዚአብሔር አድንሃለሁ ካለ በኋላ በለሱ ለምን አስፈለገ? ተስፋውን የሰጠውም በለሱን ያበቀለውም እሱ ስለሆነ ነዋ! ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለመድኃኒቱን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል ጉዳይ ብዙ ሲያነጋግር፣ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ስለዚህ ስለትሽን ክትባቱ አያፈርሰውም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ክታብና ክትባት ሥራቸው አንድ ቃል ነው፣ ከተበ። የልጇ አንገት ላይ ክታብ አንጠልጥላ ክትባት እምነት ያሳጣኛል ያለችኝ እናት አጋጥማኛለች። አንቺ እንዲህ እንደማታደርጊ አምናለሁ። ካደረግሽ ግን ዛሬውኑ ፍቺው። እዚህ ላይ አልለሳለስም።

አማትሽ ሠራተኛዋን ልጅ እግር አሏት። እስቲ እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ እሑድ ቅዳሴ ላይ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል እሳቸውን የሚያስነሣቸው ዲያቆን ዕድሜው ስንት ነው? አሥራ ሦስት? አሥራ አራት? ማንም ልጅ ነው ብሎ ቁጭ አይልም። የምንሰማው የተማረውንና የተላከበትን ነው። እሷም ተምራ ተልካ ነው በርሽን ያንኳኳችው። ደግሞ ስድሳውን አልፈው ከሆነ የአማትሽን ክንድ እይው፤ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ልታገኚበት ትችያለሽ። ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ገደል ለገደል ዞረው ነው ያጠፉት። ያኔም ብዙዎቹ ልጅ እግሮች ነበሩ።

ባለሙያን እመኚ ስልሽ ግን አፍሽን ዘግተሽ ተቀመጪ ማለቴ አይደለም። ካርድ ረሳሽ ብሎ እናትን የሚያመናጭቅ ባለሙያ አይቻለሁ፤ እኔም አንዴ ተቆጥቼ ወጥቻለሁ። ቢሆንም ጠይቂ። ምን እንደምትወጋ፣ ትኩሳት ቢመጣ ምን እንደምታደርጊ፣ መቼ መመለስ እንዳለብሽ ጠይቂ። ቀላል ትኩሳት የተለመደ ነው። የጎረቤት ወሬ ሰምተሽ ከምትሸሺ ፊት ለፊት ብትጠይቂያት ይሻላል።

45ኛው ቀን አለፈኝ ብለሽ አትቅሪ። ስትጽፊልኝ 50 ነበረች፣ ዛሬ 52 ሞላት። ነገ ትሂድ። አንቺ ካልበረታሽ አባቷ አቅፏት ይሂድ፤ እሱ አራስ አይደለም። ለአማትሽ በአክብሮት ይህን አንብቢላቸው። ካልተዋጠላቸው የነፍስ አባታቸው ያነጋግሯቸው።

ሁለተኛው ዙር ከ4 ሳምንት በኋላ ነው። ነገ ከተከተበች 81ኛ ቀኗ ላይ ይውላል፤ የክርስትናዋ ማግስት ማለት ነው። የድግሱ እንግዳ ገና ቤት ሊኖር ይችላል። ጠላውን ለአማትሽ ተዪላቸውና በጠዋት ካርዷን ይዘሽ ሹልክ በዪ።