ደባርቅ ቤት ልትከራዪ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ከክፍሉ በፊት ቆጣሪውን እዪ

«ደባርቅ ለሥራ ተመድቤያለሁ፣ ከትንሽ ልጄ ጋር ነው የምሄደው፣ ቤት ኪራይ ላይ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ሰው የመለሰልሽን ሁሉ አነበብኩት። ጋቢ ያዢ፣ ሰዉ ደግ ነው፣ ደላላ አትመኚ። ሁሉም ልክ ነው። የእኔን ደሞዝ ስትበላ የከረመችውን ነገር ግን ማንም አላነሳትም። እኔም እንዳንቺ ተመድቤ፣ ልጅ አዝዬ ነው የገባሁት። ስለዚህ ረጅም ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

1ኛ፦ ቤት የምታዪው በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። ደላላው እኩለ ቀን ላይ ነው የሚወስድሽ። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስላሞቀችው የማያምር ቤት የለም። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ ፀሐይ ዘወር ስትል ብርዱ ወዲያው ነው የሚመጣው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲባል እየሰማሁ አድጌ ትርጉሙ የገባኝ እዚያ ነው። ግቢሽና ቀና ብለሽ ኮርኒሱን እዪ። አቡጀዲም ይሁን ማዳበሪያ፣ ብቻ ኮርኒስ ይኑረው። ብሎኬት ቤት ዘመናዊ መስሎሽ አትቸኩዪ። ኮርኒስ የሌለው ብሎኬት ሌሊቱን ፍሪጅ ነው። በጭድ በደንብ የተመረገ ወፍራም የጭቃ ቤት ይሻልሻል፣ ቀን የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት በር ካገኘሽማ አትልቀቂው።

2ኛ፦ ቆጣሪ። ዋናው ነገሬ ይሄ ነው።

አከራዮች «መብራትና ውሃ አለው» ይሉሻል። እውነት ነው፣ አለው። የማይነግሩሽ ቆጣሪው የጋራ መሆኑን ነው። እኔ የገባሁበት ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ ነበር፣ ቆጣሪው ደግሞ አንድ፣ እሱም በአከራይዋ ስም። ሒሳቡ ሲመጣ በክፍል ቁጥር እኩል ይካፈላል። እኔ ያለኝ አንድ አምፖል፣ ስልክ ቻርጀርና ትንሽ ምድጃ ነው። አከራይዋ ግን ለምግብ ቤቶች እንጀራ እየጋገሩ ያስረክባሉ! በኤሌክትሪክ ምጣድ! አንድ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይበላል። የእኔ አምፖል 10 ዋት ነው። እሳቸው አንድ ሰዓት የሚጋግሩበትን መብራት እኔ አምፖሌን ከ300 ሰዓት በላይ አብርቼም አልጨርሰውም። ክፍያው ግን እኩል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ይሄን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። በወር የመጀመሪያዋ 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ናት፣ አጠቃቀሙ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ብቻሽን ብትሆኚ ታችኛው እርከን ላይ ነሽ። ያ ሁሉ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ግን ቆጣሪው እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ይቆጥራችኋል። ስለዚህ የሰው መብራት መክፈልሽ ሳያንስ፣ የራስሽንም በውዱ ዋጋ ትከፍያለሽ። ከፍታው ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። እዚያ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስልልሽም፣ ምድጃሽ ከለመድሽው በላይ ይሠራል።

«እትዬ፣ እባክዎ ቢሉን ያሳዩኝ» አልኳቸው። በአክብሮት፣ አንቱ ብዬ። «አላመንሽኝም ማለት ነው?» አሉና ተቆጡ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የእኔ ክፍል መስመር ብቻ ይጠፋል። ልጄ በዚያ ብርድ ጨለማ ውስጥ!

ያስረዱኛል ብዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። «ቆጣሪው በማን ስም ነው?» «በአከራዬ።» «እሳቸው ይምጡ።» «የምከሰው እኮ እሳቸውን ነው!» «እንግዲህ ተስማሙ።» አለቀ። ሌላ መስኮት ሄጄ የኪራይ አዋጁን አነሳሁ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ የሚለውን። «ያ የአዲስ አበባ ነው» ብላኝ ሳቀች። አዋጁ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፣ ክልል ላይ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው፣ ይህን እኔም አንብቤዋለሁ። ልጅ አዝላ ሁለት መስኮት የተመላለሰችን ሴት ግን በሳቅ አይሸኟትም። አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል።

አንቺ እዚያ መስኮት ሳትደርሺ ጨርሺው። ሕጉ ይደርስልኛል ብለሽ አትጠብቂ፣ ሕጉን ራስሽ ውሉ ላይ ጻፊው። እኔ ሁለተኛውን ቤት ስይዝ ያደረግኩት ይሄንን ነው። አከራዩ ሽማግሌ ናቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ምስክር ተቀምጦ ተነጋገርን። ከዋናው ቆጣሪ ቀጥላ የምትገጠም ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ፣ በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስገጠምኩ። ውሉ ላይ «ተከራይዋ የምትከፍለው ንዑስ ቆጣሪው ባነበበው ልክ ነው፣ ስትለቅ ነቅላ ትወስዳለች» ተብሎ ተጻፈ። የገባሁ ቀን የነበረውን ንባብም አስፈርሜያለሁ። ወር ሲያልቅ ከጋሼ ጋር አብረን እናነባለን፣ በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። አንድም ቀን አልተጨቃጨቅንም። የግቢው ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ እንደ እኔ አስገጠመ። ያቺን ውል አዲስ የሚመጡ የሥራ ባልደረቦቼ ኮፒ እያደረጉ ወሰዷት። በዚህ እኮራለሁ።

ውሉ ላይ ሌላም አስጽፊ። ምጣድ መጠቀም ይፈቀዳል አይፈቀድም? ብዙዎቹ ከገባሽ በኋላ ነው የሚከለክሉት። ኪራዩ በየስንት ጊዜ ነው የሚጨምረው? ልቀቂ ቢሉሽ ስንት ወር ይሰጡሻል? ቀሪውን ቅድሚያ ክፍያስ ይመልሳሉ? ኪራዩን ደግሞ በባንክ አስገቢ፣ በእጅ አትስጪ።

3ኛ፦ ውሃ። ግቢው ውስጥ ሮቶ መኖሩን እዪ፣ ከሌለ ጀሪካን በርከት አድርገሽ ግዢ። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ተከራዮቹን ጠይቂ። መብራቱንም እንደዚያው፣ «ሒሳብ እንዴት ነው የምትካፈሉት?» በያቸው። ፊታቸው ላይ መልሱን ታነቢዋለሽ።

4ኛ፦ ከቻልሽ መስከረምና ጥቅምት ላይ አትፈልጊ። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛም፣ ተማሪም፣ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳም የሚበዛው ያኔ ነው፣ አከራዩ አፉ የመጣለትን ዋጋ ይጠራል። ክረምቱ ሳይወጣ ሂጂ። ጣሪያው የሚያፈስ መሆኑንም በዝናቡ ታዪዋለሽ።

ልጅ ስላለሽ ደግሞ ይህን አደራ። ብርዱ ሲጠና ሰዉ ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ ይተኛል። በፍጹም እንዳታደርጊው። የከሰሉ ጭስ ባይታይም መርዙ አለ፣ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ እንዳለሽ ይገድላል። ደጅ አቀጣጥለሽ፣ መስኮት ከፍተሽ ቤቱን አሙቂና ሳትተኚ አውጪው። ለሌሊት ወፍራም ብርድ ልብስና የሞቀ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ይበቃችኋል፣ ለልጄ ያደረግኩላት እሱን ነው።

የውሉን ጽሑፍ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ፎቶውን እልክልሻለሁ። ንዑስ ቆጣሪውን ግን ጎንደር ስታልፊ ገዝተሽ ግቢ፣ እዚያ ምርጫ አለ።