በኋላ የመጣን ስደተኞች በካናዳ ነባር ሕዝቦች እርቅ ምን ያገባናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። የማስቀድስበት የካቶሊክ ቁምስና (ደብር) ከአገሬው ነባር ሕዝቦች ጋር እርቅ ለማውረድ ኮሚቴ አቋቁሞ እኔም ተመርጫለሁ። ነገር ግን የሚከነክነኝ አለ። እኛ ሐበሾች በአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ጉዳይ እጃችን የለበትም፤ ለምን እኛም ይቅርታ እንጠይቃለን? ደግሞስ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ራሳቸው መጥተው ይቅርታ ጠይቀው የለም ወይ? ከዚህ በኋላ አንድ ቁምስና ምን የሚሠራው ነገር ይቀረዋል?

መልስ፦ እህታችን፣ ከስሙ እንጀምር። እኛ ዘንድ «አዳሪ ትምህርት ቤት» ሲባል ወላጅ ደስ ብሎት ልጁን የሚሸኝበት ቦታ ነው ትዝ የሚለን። የካናዳው በሕግ የተጫነ ነበር። በ1920 (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሻሻለው ሕግ ከ7 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን በግዴታ አስገባቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ወደ 150,000 የሚጠጉ ልጆች በእነዚህ ቤቶች አልፈዋል። ገንዘቡ የመንግሥት፣ አስተዳደሩ የአብያተ ክርስቲያናት ነበር፤ ከትምህርት ቤቶቹም ከግማሽ በላዩ በካቶሊካውያን እጅ ነበሩ። ልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር፤ ብዙዎች ተደብድበዋል፣ ተደፍረዋል። እስካሁን የተመዘገቡት ሟቾች ከ4,000 በላይ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹን የፈጀው የሳንባ ነቀርሳ ነው።

«እጃችን የለበትም» ማለትዎ እውነት ነው። ማንም ያልሠራውን ኀጢአት አይናዘዝም፤ ኮሚቴውም እንዲህ ብሎ ሊያስገድድዎ አይገባም። ነገር ግን ጌታችን በማቴዎስ 5፥23 የተናገረውን ልብ ይበሉ። መባህን ይዘህ ስትመጣ «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ነው ያለው። ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ብታምን አላለም። መነሻው የወንድምየው ቅሬታ ነው። በዚያ ላይ የምታስቀድሱበት ሕንጻ፣ መሬቱ፣ የቁምስናው መዝገብ ሁሉ ከቀደሙት የተረከባችሁት ነው። ቤት የወረሰ ሰው ዕዳውን ለጎረቤት አይተውም።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሐምሌ 25 ቀን 2022 ከኤድመንተን በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ማስኳቺስ፣ የኤርመንስኪን አዳሪ ትምህርት ቤት በነበረበት ሥፍራ ይቅርታ ጠይቀዋል። እዚያው ግን ይቅርታ መጠየቅ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም ብለዋል። ይህ ከምሥጢረ ንስሐ ትምህርታችን ጋር አንድ ነው፤ መጸጸት አለ፣ መናዘዝ አለ፣ ካሣ አለ። የቤተክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1459 ፍትሐት ኀጢአትን እንደሚያስወግድ፣ ኀጢአቱ ያበላሸውን ሁሉ ግን በራሱ እንደማያቃና ያስተምራል። ለቁምስና የቀረው ሥራ ይኸው ሦስተኛው ነው።

ብዙ ኮሚቴዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መስከረም 30 የእውነትና የእርቅ ቀን ሲደርስ ብርቱካናማ ሸሚዝ ያዛሉ፣ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ሸሚዙ ራሱ ታሪክ አለው። ፊሊስ ዌብስታድ በ1973 የ6 ዓመት ልጅ ሳለች አያቷ የገዙላትን ብርቱካናማ ሸሚዝ የገባችበት የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት ወሰደባት፤ ምልክቱ ከዚያ የመጣ ነው። መልበሱ መልካም ነው፤ ስትገዙም ከነባር ሕዝቦች ነጋዴዎች ግዙ። ግን በእኛ ወግስ ቢሆን በዳይ የእርቁን ቀን ራሱ ቆርጦ፣ ካሣውን ራሱ ተምኖ ቢመጣ የትኛው ሽማግሌ ይቀበለዋል?

ስለዚህ ከሥነ ሥርዓት በፊት መዝገብ ቤታችሁን ክፈቱ። ብዙ ቤተሰቦች የሚፈልጉት ልጃቸው መቼ እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ ማወቅ ነው፤ መልሱም አንዳንዴ በጥምቀት፣ በጋብቻና በቀብር መዝገብ ውስጥ ተኝቷል። ቆሞሱን አስፈቅዳችሁ የእያንዳንዱን መዝገብ ዝርዝር አውጡ፤ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት ነው፣ በምን ቋንቋ ተጻፈ፣ የየትኛውን መንደር ሰዎች ይዟል። አሮጌዎቹ ብዙ ጊዜ ወደ ሀገረ ስብከቱ ቤተ መዛግብት ተዛውረዋልና እዚያም ጠይቁ። ገጾቹን በስልክ እያነሣችሁ ማሰራጨት ግን ክልክል ነው፤ የሰው ምሥጢር አለበት። ቅጂው በሀገረ ስብከቱ መዝገብ ሹም በኩል ይነሣ፤ ዊኒፔግ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ካለው ብሔራዊ የእውነትና እርቅ ማዕከል ጋርም የሚነጋገሩት እነሱ ይሁኑ።

ቤተሰብ መጥቶ ሲጠይቅ ፍለጋው የሚከሽፈው በስም ምክንያት ነው። ፈረንሳዊው ካህን የክሪውን (ክሪ ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ ነው) ስም በጆሮው እንደሰማው ጽፎታል፤ ልጁ በጥምቀት ስሙ «ዣን» ወይም «ማሪ» ብቻ ተብሎም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጥምቀት ስም፣ በአባት ስም፣ በክርስትና አባትና እናት ስም፣ በቀንም ፈልጉ። «አልተገኘም» ከማለታችሁ በፊት የጎረቤት ቁምስናዎችን መዝገብ ጠይቁ፤ ሚስዮናውያኑ እየተዘዋወሩ ያጠምቁ ስለነበር ስሙ ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል። ክፍያ አትጠይቁ። ጥያቄው የገባበትንና መልስ የተሰጠበትን ቀን መዝግቡ፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መላክ ለእነዚህ ሰዎች አዲስ በደል ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ቤተክርስቲያን ያሳፈረችበት ነገር አለ። ለአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ተጎጂዎች በተደረገው የ2006ቱ የካሣ ስምምነት የካቶሊክ ወገን ከሌሎች ግዴታዎች ጋር 25 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ «የተቻለንን ያህል እንጥራለን» ብሎ ፈረመ፤ የተሰበሰበው 4 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። የካናዳ ጳጳሳት በመስከረም 2021 ይቅርታ ጠይቀው በ5 ዓመት ውስጥ 30 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ቁምስናችሁ ልዩ ሙዳየ ምጽዋት ሲያዞር ሁለት እሑድ አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ከሕንጻ ማሠሪያ ጋር አያደባልቅ፤ በሳምንቱ ስንት እንደተሰበሰበና ወዴት እንደተላከ ያንብብ። ገንዘቡ ምን ይሠራበት የሚለውን ደግሞ ነባር ሕዝቦቹ ይወስኑ። ቋንቋ ለማስተማር የሚፈልግ ማኅበረሰብ ሐውልት ሲቆምለት ደስ አይለውም።

ሽማግሌ ስለ መጋበዝም ይጠንቀቁ። እዚያ ሽማግሌነት በዕድሜ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ማኅበረሰቡ የሚያውቀው ማዕረግ ነው፣ ሴቶችም አሉበት። በኢሜይል አይጠሩ፤ ሄደው ይጠይቁ። በክሪና በብዙ የሜዳማው አገር ሕዝቦች ዘንድ ከጥያቄው ጋር ትንባሆ ይቀርባል፤ ከተቀበሉት እሺ ማለታቸው ነው። ኢኑኢቶች (የሰሜኑ በረዷማ አገር ነባር ሕዝቦች) ዘንድ ይህ ልማድ የለም፤ ስለዚህ ቀድመው የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። የትራንስፖርትና የአክብሮት ክፍያ በዕለቱ በእጅ ይሰጥ እንጂ «ደረሰኝ ይላኩልን» አይባልም። የደረሰባቸውን በደል እንዲተርኩ አይጎትጉቷቸው፤ አምስት ደቂቃ ሰጥቶ ማስቆምም ነውር ነው። ምግብ ሲቀርብ አስቀድሞ ለእነሱ። ሲሰሙ ለሚታወክ ሰው የአዳሪ ትምህርት ቤት ተጎጂዎችን 24 ሰዓት የሚረዳው ስልክ 1-866-925-4419 በወረቀት ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ።

የቅጠል ማጤስ ሥርዓት (ሴጅ የሚባለውን ቅጠል ወይም ጣፋጭ ሣር) ሲጠየቅ ዕጣን ለለመድን ለእኛ እንግዳ አይመስልም። ሆኖም ዕጣናችን የሥርዓተ ቅዳሴ አካል ነው፤ ያኛው የራሱ ሥርዓትና ባለቤት አለው። የሚመራው ከነባር ሕዝቦች የሆነ ሰው ይሁን፤ ከቅዳሴ ጋር የሚያያዝ ከሆነ ጳጳሱ ይጠየቁ። በአዳራሽ ከሆነ የሕንጻውን ኀላፊ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ የጭስ ማንቂያው ጮኾ ጸሎቱ መሐል የእሳት አደጋ መኪና እንዳይመጣባችሁ።

«መቃብር ተገኘ የተባለው ውሸት ነው» የሚል ምእመን ይገጥምዎታል። በግንቦት 2021 በካምሉፕስ፣ በቀድሞው አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ፣ 215 የልጆች መቃብር ሊሆን ይችላል የተባለለት ፍለጋ የተደረገው በመሬት ውስጥ ራዳር ነው፤ ራዳር የታወከ አፈርን እንጂ አጥንትን አያሳይም። ስለዚህ «215 አስከሬን ወጣ» አይበሉ፤ አልተቆፈረም። የልጆቹ ሞት ግን በራዳሩ ላይ የቆመ አይደለም፤ በመንግሥትና በቤተክርስቲያን መዛግብት ተጽፏል።

ከማን ጋር እንጀምር ካላችሁ፣ እዚያው ኤድመንተን ከ1991 ጀምሮ የነባር ሕዝቦች ቁምስና የሆነው የቅዱስ ልብ ቤተክርስቲያን አለ፤ ደብዳቤ ከመላካችሁ በፊት ጥቂት እሑድ ሄዳችሁ አስቀድሱ። በሐምሌም ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለው ላክ ሴንት አን ሐይቅ ከ1889 ጀምሮ የሚደረግ ንግደት አለ፤ ሕዝቡ በቅድስት ሐና ስም ወደ ውሃው እየገባ ይጸልያል። ጠበል ለሚያውቅ ሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ቁምስናችሁ የራሱን ድንኳንና ባነር ይዞ አይሂድ፤ ወንበርና ምሳችሁን ብቻ ያዙ፣ በእግራቸው መግባት የማይችሉ አረጋውያን ካሉ ደግሞ ማን መደገፍ እንዳለበት አዘጋጆቹን ጠይቃችሁ አግዙ።