ጌም የመሥራት ሕልም ላላችሁ፦ ብሪንክን አንዴ ተጫወቱት

ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ይህን ሙያ ለመማር የምታዩት የተሳካላቸውን ጌሞች ብቻ ነው። ክፋት የለውም። እኔ ግን ጌም ስሠራ ያረጀሁ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ያልሆነለትን ጌም ፈልጉና በደንብ መርምሩት። ምርጫው የእኔ ቢሆን ብሪንክን እሰጣችኋለሁ።

ብሪንክ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የተኩስ ጌም ነው። የሠራው ስፕላሽ ዳሜጅ የተባለ የእንግሊዝ ስቱዲዮ ሲሆን አሳታሚው ቤተስዳ ነው። ሰዎቹ ጀማሪዎች አልነበሩም። በ2003 በነጻ የለቀቁት የወልፈንስታይን ጌም ብዙ ወዳጅ አፍርቶላቸዋል። የብሪንክ ታሪክም ደስ ይላል። ባሕሩ ከፍ ብሎ ዓለምን ሲውጥ፣ አርክ በምትባል ተንሳፋፊ ከተማ ላይ ጸጥታ አስከባሪዎችና አማፂዎች ይፋለማሉ።

ሁላችንንም ያጓጓን ግን እንቅስቃሴው ነበር። አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ትሮጣላችሁ። ወደ ላይ ካያችሁ ገጸ ባህሪው እንቅፋቱን ይዘላል፤ ወደ ታች ካያችሁ በሥሩ ይንሸራተታል። ፓርኩር (እንቅፋትን እየዘለሉና እየተወጣጡ መሮጥ) በአንድ ጣት! ያኔ አብዛኛው የተኩስ ጌም መሬት ለመሬት መሮጥ ስለነበር፣ ይህ ትልቅ ሐሳብ ነው። ዛሬም ትልቅ ሐሳብ ነው እላለሁ።

ታዲያ ምን ጎደለ?

ማፑን፣ ማለትም ፍልሚያው የሚካሄድበትን ቦታ፣ እዩት። ቡድኖቹ የሚፋለሙት ለአንድ ሥራ ነው፦ የተበላሸ ማሽን ለመጠገን፣ በር ለማፈንዳት፣ ኮምፒውተር ለመጥለፍ። 8 ለ8 ሆነው 16 ተጫዋቾች አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ይጨናነቃሉ። በግድግዳ ዘልላችሁ ብትመጡም በበር ብትገቡም መድረሻችሁ ያው ነው። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ማሽኑን ለመጠገን መቆም አለባችሁ። የእንቅስቃሴ ጌም ተብሎ የተሸጠ ጌም ሽልማቱን የሚሰጠው ለቆመ ሰው ሆነ። ለእኔ ዋናው ሕመም ይህ ነው።

የአካል ምርጫውም ያንኑ ያሳያል። ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ አካል አለ። ቀላሉ ግድግዳ እየረገጠ ይዘላል፣ ግን ቶሎ ይሞታል። ከባዱ ትላልቅ መሣሪያ ይሸከማል፣ ግን ብዙ ቦታ መውጣት አይችልም። በወረቀት ላይ የተመጣጠነ ይመስላል። ፍልሚያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን የቀላሉ ሰው ዝላይ ምን ይጠቅመዋል?

ሌላው ችግር ኔትወርክ ነው። ሲወጣ ላግ፣ ማለትም የኔትወርክ መዘግየት፣ እንደነበረበት ብዙ ተጫዋች ተማርሯል። ለፈጣን ጌም ላግ ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ ሰው፣ መዘግየቱ 100 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ እናንተ ከምታዩበት ቦታ 1 ሜትር አልፎ ሄዷል። የምትተኩሱት ባዶ አየር ላይ ነው። ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው ሰርቨር ይህን ካላካካሰ፣ ፍጥነት በጨመራችሁ ቁጥር ጌሙ ፍትሕ ያጣል። ብቻቸውን የሚጫወቱትም የሚገጥማቸው ያው ማፕ ከቦቶች፣ ማለትም በኮምፒውተር ከሚመሩ ተጫዋቾች፣ ጋር ነበር፤ ቦቶቹም ደካሞች ነበሩ።

ዕድልም አልቀናቸውም። ብሪንክ በግንቦት ሲወጣ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በጠላፊዎች ጥቃት ተዘግቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የፕሌይስቴሽን 3 ተጫዋቾች ኦንላይን መግባት አልቻሉም። ይህን የምነግራችሁ በሰው ሥራ ላይ ቶሎ እንዳትፈርዱ ነው።

አሁን ሪስፖውን የተባለ ስቱዲዮ የሠራውን ታይታንፎል 2 የተሰኘ የተኩስ ጌም አምጥታችሁ አጠገቡ አስቀምጡት። እዚያ ግድግዳ ላይ መሮጥ ፍጥነት ይጨምርላችኋል፤ ፍጥነቱ ደግሞ ከሞት ያተርፋችኋል። የቆመ ሰው ቶሎ ይመታል። በብዙ ተጫዋቾች ፍልሚያው ውስጥ ቀርፋፋ ወታደሮችም አሉ፤ በኮምፒውተር የሚመሩ ናቸው። ጀማሪው እንኳ የሚመታው አያጣም። የታሪኩን ክፍል ሲሠሩ ደግሞ ሐሳባቸውን በትንንሽ መሞከሪያ ማፖች ላይ እየፈተኑ፣ ጥሩ የወጣውን ብቻ አሳድገዋል። ይህን አሠራር ከልቤ አከብረዋለሁ። የሚያሳዝነው፣ ጌሙ በጥቅምት 2016 የወጣው ባትልፊልድና ኮል ኦፍ ዱቲ በተባሉ ታዋቂ የተኩስ ጌሞች መካከል ተጣብቆ ስለነበር የሚገባውን ያህል አልተሸጠም።

ያው ስቱዲዮ በ2019 ኤፔክስ ሌጀንድስን ሲያወጣ፣ ግድግዳ ላይ መሮጥን ጨርሶ አስወጣው። ጠላት ከየት እንደሚመጣ መገመት ካልተቻለ ፍልሚያው ትርጉም ያጣል ብለው ነው። የሚታወቁበትን ነገር ለጌሙ ሲሉ ጣሉት። ከዚህ ሙያ ከባዱ ውሳኔ ይኸኛው ይመስለኛል።

እናም አንድ የሚያምር ሐሳብ ስታገኙ፣ ጠመንጃ ከመጨመራችሁ በፊት ግራጫ ሳጥኖች ባሉበት ባዶ ክፍል ውስጥ ሩጡበት። ሩጫው ብቻውን ያስደስታል? ካስደሰተ፣ ማፑን፣ ጠላቱን፣ ሽልማቱንና ሰርቨሩን አንድ በአንድ እያነሳችሁ «ይህ ለሚሮጥ ሰው ነው ወይስ ለቆመ ሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። አለቃችሁ ቢቸኩልም ጠይቁ።

ብሪንክ ከ2017 ጀምሮ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ ነጻ ተደርጓል። በቀላሉ አካል አንድ ማፕ ላይ ከቦቶች ጋር ግቡ። የቆማችሁበትን ቦታ ሁሉ፣ ለምን እንደቆማችሁም፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ በከባዱ አካል ድገሙትና ሁለቱን ወረቀቶች አስተያዩ። ሲያበቃ ያንኑ ማፕ እናንተ ብትሠሩት እንዴት እንደምትቀይሩት በእርሳስ ሳሉ፤ ከበሩ ጀምሩ።